የተቀባይ ቦታ፦ ዘፈንን በምልክት ቋንቋ መተርጎም

የምልክት ቋንቋ መማር የጀመረ፣ መስማት የሚችል ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ተወዳጅ ዘፈን ይመርጣል፤ ግጥሙን በእጁ እያጠና ከድምፃዊው ጋር እኩል ለመሄድ ይሞክራል፤ ጥቂት እንደተለማመደም ካሜራ ፊት ይቆማል። ልማዱ ከሁለት ወገን ይሞገሳል። አንደኛው ወገን «ተማሪውን ያቀላጥፈዋል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «መስማት የተሳናቸውን ወገኖች የሙዚቃ ተካፋይ ያደርጋል» ይላል። ሁለተኛው ሙገሳ ከሚገባው በላይ የተሰጠ ነው። የመጀመሪያው እውነትነት አለው፤ ሆኖም ዘፈን ተማሪን የሚጠቅመው አወዳሾቹ ባሰቡት ቦታ አይደለም። ይህን ለማስረዳት ከራያ ቆላ፣ ከሮቢትና ከቆቦ አካባቢ የዘፈን ሥርዓት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከጭፈራው ልጀምር። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል፤ ከበሮ ይመታል፣ ይጨበጨባል፣ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በወሎ ምድር ዘፈን ያለ ገላ አይዘፈንም፤ እስክስታው አንገትን፣ ትከሻንና ደረትን በብርቱ ያሠራል። በምልክት ቋንቋ የሚናገር ሰውም የሚናገረው በዚሁ ገላው ነው። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች ቅንድብ ከፍ ሲል ዓረፍተ ነገሩ ጥያቄ ይሆናል፤ ራስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ አፍራሽ ይሆናል፤ ትከሻ ወደ አንድ ጎን ሲዞር ተናጋሪው ተቀይሮ የሌላ ሰው ንግግር ይጀምራል። ጀማሪው ዘፈኑን «ሕያው» ለማድረግ ሲል በምቱ አንገቱን ሲሰብቅ፣ ትከሻውን ሲያርገፈግፍ፣ ሰዋስው የሚያርፍበትን ቦታ ለጌጥ አውሎታል። ወዳጇ እንዳልመጣ የምታማርር ሴት ዘፈን ተመርጧል እንበል። የ«መምጣት» ምልክት በእጅ ሲታይ ራስ ከምቱ ጋር ከተወዛወዘ፣ ተመልካቹ ሰውየው ይምጣ ይቅር በምን ይለያል? ራስ የሚነቀነቀው በከበሮው ይሁን በሐዘኑ የሚታወቅበት ነገር የለም። ወንድና ሴት እየተመላለሱ የሚዘፍኑት ዘፈን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የትከሻ መዞር ማን ለማን እንደሚናገር መለያ ስለሆነ፣ እስክስታ የዋጠው ትከሻ ሁለቱን ሰዎች አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሙግቱ የአንድ ሰው ለፍላፊነት ይመስላል።

ይህን ጉድለት ደጋግሜ የማነሣው ብዙ ጊዜ እንደ ብቃት ስለሚቆጠር ነው። መስማት የሚችለው ተመልካች ሙዚቃው በጆሮው እየደረሰ ገላው ሲወዛወዝ ስለሚያይ «እንዴት ስሜት አለው!» ይላል። በምልክት አፉን የፈታ ሰው ግን ምቱን ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ጉልበቱ ላይ ያወርደዋል፤ አለዚያም በምልክቶቹ ፍጥነት ውስጥ፣ አንድን ምልክት አየር ላይ ይዞ በማቆየትና ድንገት በመልቀቅ፣ ሲመላለስ በማስፋትና በማጥበብ ያሳየዋል። ራሱና ትከሻው ነጻ ናቸው፤ ትርጉሙም ሳይረበሽ ይደርሳል። ይህ ችሎታ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ከጀማሪ መጠበቁ ያስቸግራል፤ በዚህ ፈንታ ለጀማሪው ውዝዋዜ ማጨብጨቡ ደግሞ የማይሰማውን ሰው ፍርድ ከነአካቴው መዝለል ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ቃልን በቃል መከተል ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል የእጅ ቅርጽ ተነባቢውን፣ የእጅ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን አናባቢ ያመለክታል፤ ብልሃት የሞላበት ሥርዓት ነው። ምልክቱ የጠፋበት ተማሪ ቃሉን በጣት ፊደል ሊጽፍ ሲጀምር ግን ድምፃዊው ስንኙን ዘግቶ ሄዷል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ከሆነ ደግሞ ወርቁ በድምፅ መገጣጠም የተሠራ ነውና ቃል በቃል የሚሄድ እጅ ሰሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። መፍትሔው በምልክት ቋንቋ የራስ ጓዳ ውስጥ አለ። የምልክት ቋንቋ ተመራማሪው ዊልያም ስቶኪ እ.ኤ.አ. በ1960 ምልክት በእጅ ቅርጽ፣ በቦታና በእንቅስቃሴ ተለይቶ የሚተነተን መሆኑን ካሳየ ወዲህ፣ አንድ የእጅ ቅርጽ ሳይለቀቅ ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው የሚሻገርበት የምልክት ቅኔ እንዴት እንደሚሠራ መግለጽ ተችሏል። እንዲህ ያለ ኅብር ለመፍጠር ግን ቋንቋው ውስጥ መኖር ያስፈልጋል።

«ለመሆኑ ምን ጉዳት አለው? ቋንቋው መታየቱ ራሱ ጥቅም ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መታየት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ታኅሣሥ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ታይቷል። በመሪዎች ጎን የቆመው አስተርጓሚ እጁን ለረጅም ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ዓለም በአክብሮት አየው፤ የሚያሳየው ትርጉም የለሽ መሆኑን የተናገሩት መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ናቸው። በቅን ልብ የሚለማመድን ተማሪ ከዚያ ሰው ጋር አንድ አላደርግም። ለሁለቱም ያጨበጨበላቸው ዓይን ግን አንድ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ዓይን። እ.ኤ.አ. በ2022 በምርጥ ፊልምነት የኦስካር ሽልማት ያገኘው «ኮዳ» እንኳ ዝነኛ ትዕይንቱን ያሳረፈው መስማት የምትችል ልጅ እየዘፈነች በእጇ ምልክት ስታሳይ ነው። ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ሲወጣ አንደኛው ይጎዳል፤ የሚጎዳውም ዜማው የማይጠብቀው ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ተማሪ ከየት ይጀምር? እየተሳሳተ ካልተለማመደ በምን ይቀላጠፋል?» እውነት ነው፤ መልሱንም ሶለል ይዞታል። በሶለል ጭፈራ አዲስ የምትገባ ልጅ አውራጅ ሁኚ አትባልም። ከተቀባዮቹ መካከል ትሰለፋለች፤ አዝማቹን ታጨበጭባለች፣ ትቀበላለች፤ አውራጇ ግጥም ስታወርድ ትሰማለች። የአዝማች ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አጭር ነው፤ ይመላለሳል፤ በአንዱ ዙር የተሳተውን ጎረቤቷን አይታ በሚቀጥለው ዙር ታቃናዋለች። ከሁሉም በላይ በሁለት አዝማቾች መካከል ተቀባይ ዝም ብሎ አውራጁን የሚያይበት ጊዜ አለ። ብቻውን ካሜራ ፊት የቆመ ተማሪ የሚያጣው ይህን ነው፤ የሚያየው የራሱን እጅ ብቻ ነውና ስህተቱን በመደጋገም ያጸናዋል። ምልክት የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ዘፈኑን መርጦ፣ ተርጉሞ ሲያወርድና ተማሪው አዝማቹን ሲቀበል፣ ከፊት ያለው የቅንድብና የትከሻ ሰዋስው በዓይኑ ይገባል። በዚህ ቦታ የቆመ ጀማሪ ምልክቱ ቢንተፋተፍ እንኳ ያምራል፤ ትርጉሙን የተሸከመ ሌላ ሰው አለና አይጎዳም፣ በየዙሩም ያድጋል። ለቅልጥፍና ከዚህ የተሻለ ልምምድ ያለ አይመስለኝም።

«መስማት ለተሳነው ሰው ዘፈን ምኑ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያከራክርም። ፊንላንዳዊው መስማት የተሳነው ራፐር ሳይንማርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዋርነር ሙዚቃ ኩባንያ ጋር ውል ፈርሟል። ከበሮ በደረትና በእግር ሥር ይታወቃል፣ ጭብጨባም ይታያል፤ ስለዚህ በራያ ቆላ መስማት የተሳናት ልጃገረድ ምቱን አታጣውም። የቀረባት ግጥሙ ነው። ከትልልቅ ከተሞች ርቆ የሚያድግ መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚግባባው ከቤተሰቡ ጋር በፈጠረው የእጅ ምልክት ነው፤ ለእርሱ በካሜራ የተቀረጸ የጀማሪ ዘፈን ከድምፁ ባልተናነሰ ሩቅ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 30፣ የምልክት ቋንቋንና መስማት የተሳናቸውን ባህል ጨምሮ የባህልና የቋንቋ ማንነት እንዲከበር ይደነግጋል። ማንነቱ የእነርሱ ከሆነ የዘፈኑ ምርጫና ትርጉምም ከእነርሱ ይጀምራል።

አቅሙ የለም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ የሶለልን ግጥም ወደ ምልክት ለማምጣት የሚነሣ ካለ፣ አውራጇ ምልክት ቋንቋዋ የሆነ፣ መስማት የተሳናት ሴት ትሁን፤ በማስታወቂያው ላይ ስሟ ይጻፍ፤ ክፍያውም ለእርሷ ይድረስ። መስማት የሚችለው ተማሪ ከተቀባዮቹ ጋር ይሰለፍ።