ጢሙን የሚላጨው ሙት

የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ የትኛው ፊልም ያለ ልኩ ተካበ፣ የትኛውስ ሳይዘመርለት ቀረ? ወሬው ወደ ዞምቢ ፊልሞች ሲዞር ደግሞ ጭራሽ ይከራል። አንዱ ፊልሙ ያስገባውን ገንዘብ ይጠራል፤ ሌላው ምን ያህል እንደደነገጠ ያወራል፤ ሌላው ፊልሙ ስለ ኅብረተሰቡ ምን ሊል ፈልጎ ነው እያለ ይፈላሰፋል። እኔ ቀድሜ የማየው የእጅ ሥራውን ነው። በሕይወት ያለን ተዋናይ አስክሬን አድርጎ ማስነሳትና ተመልካቹን ማሳመን ከባድ ሙያ ነው፤ ሙያው መኖር አለመኖሩም ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ወዲያው ይታወቃል። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ፣ ከዞምቢ ፊልሞች ሁሉ ዋጋው ያልታወቀለት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የጆርጅ ሮሜሮ «ዴይ ኦፍ ዘ ዴድ» ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ሮሜሮ የዛሬውን የፊልም ዞምቢ የፈጠረ ሰው ነው። በ1968 «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን ፒትስበርግ አካባቢ ሲሠራ በእጁ የነበረው ገንዘብ 114 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በደም ፋንታ የቸኮሌት ሽሮፕ አፈሰሱ። መሪ ተዋናይ ያደረጉት ዱዌን ጆንስን ነው፤ በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ነጮችን ሲያዝ የሚታይበት አስፈሪ ፊልም ማግኘት ዘበት ነበር። ይህን ፊልም ያለ ልኩ ተክቧል የሚል ቢመጣ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ። ከ10 ዓመት በኋላ «ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ» ተከተለ፤ የተቀረጸው በሞንሮቪል የገበያ ማዕከል ውስጥ ነው። ሙታኑ በሕይወት ሳሉ ይመላለሱበት የነበረውን ገበያ ከሞት በኋላም አለመተዋቸው ፊልሙን ከፍ ከፍ አድርጎታል፤ ሐሳቡ ለተቸረው ሙገሳ ይበቃል። ወደ ሥራው ስንመጣ ግን የኤክስትራዎቹ ፊት የተቀባው ግራጫ ቀለም በገበያው መብራት ስር ሰማያዊ ይመታል፣ ደሙም ከመጠን በላይ ደማቅ ነው። የ«ዶውን» እና የሦስተኛው ፊልም፣ የ«ዴይ»፣ የሜካፕ ኃላፊ አንድ ሰው ነው፤ ቶም ሳቪኒ። በሁለተኛው ፊልም ላይ ገና እየተማረ ነበር። በሦስተኛው ግን የሙያው ጫፍ ላይ ደርሷል።

ሦስተኛው ፊልም ሲታሰብ ሮሜሮ የጻፈው ታሪክ እጅግ ሰፊ ነበር። ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ይሰጡ የነበሩት ባለገንዘቦች ፊልሙ በየሲኒማ ቤቱ ያለ ችግር እንዲታይ አስከፊዎቹ ትዕይንቶች ይለዝቡ አሉ። ሮሜሮ አላለዝብም አለ። በጀቱ በግማሽ ወረደ፤ ሰፊውም ታሪክ ተጨምቆ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጥቂት ሳይንቲስቶችና ጥቂት ወታደሮች ከምድር በታች ተጠልለው እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ከላይ ያለው ዓለም በሙታን ተይዟል። ቀረጻው የተካሄደው ፔንስልቬንያ ውስጥ ዋምፐም በምትባል ቦታ፣ በአንድ የቀድሞ የኖራ ድንጋይ ማውጫ ዋሻ ውስጥ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ጨለመብን፣ ጮኸብን ተባለ። በዚያው ሰሞን «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተባለው አስቂኝ ፊልም መጥቶ ተመልካቹን ወሰደው። ሮሜሮ ግን ከሦስቱ አብልጦ የሚወደው ይህንን እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

እስቲ መክፈቻውን እንይ። ሣራ የተባለችው ሳይንቲስት፣ ሎሪ ካርዲል የምትጫወታት፣ በአንድ ባዶ ነጭ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ዕለታቱ አንድ በአንድ ተሰርዘዋል፣ ከላይ የዱባ ማሳ ሥዕል አለበት። ተነስታ ትጠጋና ሥዕሉን በእጇ ትዳስሳለች። ያን ጊዜ ግድግዳው ተበርግዶ በደርዘን የሚቆጠሩ እጆች ይወጣሉ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከሚፈርስ ግድግዳ ጀርባ የተሰለፉ ሰዎች ናቸው። ትዕይንቱን ትዕይንት ያደረገው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሮሜሮ ዱባውን እንድናይ፣ ከተሰረዙት ቀናት ጋር እንድንቆይ፣ ሴትዮዋን አንድ የውጭ ቦታ ምን ያህል እንደናፈቃት እንዲገባን ጊዜ ሰጥቶናል። የምንደነግጠው ከእሷ ጋር መናፈቅ ከጀመርን በኋላ ነው። ዛሬ ብዙ ዳይሬክተሮች ይህን ጊዜ መስጠት አይችሉበትም።

የፊልሙ ልብ ግን ባብ ነው። ዶክተር ሎጋን የተባለው ሽማግሌ ሐኪም ሙታኑን ማላመድ ይቻላል ብሎ ያምናል፤ ከሁሉ የላቀው ተማሪው በሰንሰለት የታሰረው ባብ ነው። ባብን የተጫወተው ሸርማን ሃዋርድ ነው። በመጀመሪያው የላቦራቶሪ ትዕይንት ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ የጥርስ ብሩሽ፣ የጢም መላጫና መጽሐፍ ያስቀምጥለታል፤ መጽሐፉ የስቲቨን ኪንግ «ሳሌምስ ሎት» ነው። ባብ መላጫውን አንስቶ ጉንጩ ላይ ይስበዋል። የበሰበሰው ቆዳ አብሮ ይላጣል። ቆዳው ሲላጥ የሚያስጸይፈውን ያህል፣ እንቅስቃሴው ያሳዝናል፤ ክንዱ ከአእምሮው በፊት ያስታወሰ ነውና። በየማለዳው መስታወት ፊት ይቆም የነበረ ሰው ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ መጽሐፉን ያነሳል፤ ገጾቹን በአውራ ጣቱ ይገልጣል። ማንበቡን አላወቀም፣ መግለጡን ግን አልረሳም። ታሪኩን የሚነግረን ቃል የለም፤ ሁሉንም የሚናገሩት ጣቶቹ ናቸው።

እዚህ ላይ የሁለት ባለሙያዎች ሥራ ተገናኝቷል። ሳቪኒ የባብን ፊት ሲሠራ ግንባሩን፣ ጉንጩንና አገጩን በላቴክስ ሸፍኖ ዓይኑን ለተዋናዩ ተወለት። ሃዋርድም ያንን ዓይን አላባከነውም። ሐኪሙ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሲያደርግለትና የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሲጀምር፣ ፊቱ ላይ የሚወጣው ግርምት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደመጣ መፈለግ፣ ከዚያ መስማት፣ ከዚያ መደሰት፤ ሦስቱን ለይቶ አሳይቷቸዋል። ሙት የሚጫወት ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ማፍዘዝ ብቻ ይበቃዋል። ሃዋርድ የፈዘዘ ዓይን ውስጥ አንድ ነገር ሲነቃ እንድናይ አደረገ፤ ይህንንም ያደረገው በንግግር ሳይሆን ከጉሮሮ በሚወጣ ማጉረምረም ብቻ ነው።

የወታደሮቹ አዛዥ ካፒቴን ሮድስ ሲገባ ደግሞ ባብ ቀጥ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጠዋል። ሐኪሙ ደስ ብሎት አጸፋውን እንዲመልስለት ካፒቴኑን ይጠይቀዋል፤ ካፒቴኑ እምቢ ይላል። ጥይት የሌለው ሽጉጥ ሲሰጠው ባብ አቀባብሎ በዚያው ሰው ላይ ያነጣጥርና ቃታውን ይስባል። ይህ ሁሉ በኋላ ዋጋ አለው። ሐኪሙ ከተገደለ በኋላ ባብ ከሰንሰለቱ ተላቆ ሲመጣ፣ ሬሳውን አይቶ የሚያሰማው ለቅሶ ከሕያዋኑ ጩኸት ሁሉ ይልቅ የሰው ድምፅ አለው። ሮድስን ተኩሶ ካቆሰለው በኋላ የሚሰጠው ሰላምታ ያን ጊዜ ሳይመለስለት የቀረው ሰላምታ ነው። ስክሪፕት መጻፍ ማለት ይህ ነው፤ አንዲት የእጅ እንቅስቃሴ ተዘርታ፣ ተረስታ፣ ፍሬዋ መጨረሻ ላይ ይታጨዳል።

የሮድስ አሟሟት ስሙ የገነነ ነው፤ ሲገባውም ነው። ሙታኑ ይዘውት ከወገቡ ላይ ለሁለት ይበጥሱታል። ጆ ፒላቶ፣ ሮድስን የተጫወተው፣ የገዛ አካሉ ከወለሉ በታች ተደብቆ፣ ከላይ የሚታዩት ራሱ፣ ትከሻውና እጆቹ ብቻ ነበሩ፤ የተቀረው ገላ አርቲፊሻል ነው፣ የተሞላውም በእውነተኛ የአሳማ አንጀት። ማቀዝቀዣው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ኖሮ አንጀቱ ሸቷል። በቀረጻው ዕለት ሽታው ሁሉንም አሳምሟቸዋል። ፒላቶ ግን ያንን ሽታ አፍንጫው ስር ይዞ ገጸ ባሕርዩን አልለቀቀም፤ እስከ መጨረሻው እየተሳደበ ይሞታል። ኮምፒውተር የሌለበት፣ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ሊደገም የማይቻል ሥራ ነው። ሌላም ትዕይንት አለ፦ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ሙት ወደ ጎን ሲዞር፣ የተከፈተው ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወለሉ ላይ ይዘረገፋል። የሚያስደንቀኝ የሚዘረገፈው ነገር ክብደት ነው፤ ዕቃው በትክክል ይወድቃል፣ በትክክል ይንሸራተታል። ሳቪኒ በቬትናም ጦርነት የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ የሞተ ሰው ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማረም።

«ጩኸት ብቻ ነው እኮ፤ ወታደሮቹ ሲሳደቡ ነው የሚያልቀው» አለኝ አንድ ጓደኛዬ። ክሱ እውነትነት አለው። ሮድስና ወታደሮቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም፤ ፒላቶ አንዳንዴ መስመር ያልፋል፣ የሚያደክምበትም ጊዜ አለ። ሆኖም ጩኸቱን ከባብ ዝምታ ነጥለን ልናየው አይገባም። በዋሻው ውስጥ የሚሰማ፣ የሚያዳምጥ፣ የሚማር አንድ እሱ ብቻ ነው። ደግሞ ሁሉም አይጮሁም። ጆን የተባለው የሄሊኮፕተር አብራሪ፣ ቴሪ አሌክሳንደር የሚጫወተው፣ በዋሻው ጥግ ተጎታች ቤት አቁሞ፣ የባሕር ዳርቻ ሥዕል ከኋላው ሰቅሎ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ይኖራል። እዚያ ተቀምጦ ለሣራ በዋሻው ውስጥ ምን እንደተከማቸ ይዘረዝርላታል፦ የኩባንያ ሒሳብ፣ የመከላከያ በጀት፣ የግብር ሰነድ፣ የሕዝብ ቆጠራ፣ የፊልም ኔጋቲቭ። ማን ሊያነበው ነው? ይህ ንግግር ለእኔ ከገበያ ማዕከሉ ሐሳብ አይተናነስም፤ ግን ማንም ሲጠቅሰው አልሰማም።

የተካበውስ? «ወርልድ ዋር ዚ»ን እጠራለሁ። በ2013 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ኢየሩሳሌም ላይ ሙታኑ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ግንቡን የሚወጡበትን ትዕይንት ነው። ከሩቅ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ፤ ቀረብ ስትሉ ግን የምታዩት ፊት የለም። አንዱም በሕይወት ሳለ ምን ይሠራ እንደነበር አይታወቅም። በ«ዴይ» ውስጥ ከኋላ ረድፍ የሚንገዳገደው እንኳ ልብስ አለው፣ ሥራ ነበረው። እነዚያ ሙታን አብዛኞቹ የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ፤ የተከፈላቸው አንድ ዶላርና አንድ ኮፍያ ነው።

አንዳንዴ ጊዜ ራሱ ይፈርዳል። የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» በ1982 ሲወጣ ተቺዎች አዋርደውት ነበር፤ ዛሬ የሮብ ቦቲንን የእጅ ሥራ የማያደንቅ የለም። «ዴይ ኦፍ ዘ ዴድ» ያን ያህል አልተካሰም። በ2008 በዚሁ ስም የተሠራ ፊልም አለ፤ እዚያም ሰው የማይበላ ሙት ወታደር አለ። ለምን አይበላም ቢባል፣ በሕይወት ሳለ ሥጋ የማይበላ ሰው ስለነበር ነው ተባለ። ሮሜሮና ሃዋርድ በመላጫ፣ በመጽሐፍና በአንድ ሰላምታ የገነቡትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ተኩት።

የሙያው ዘር ግን አልጠፋም። ግሬግ ኒኮቴሮ በ«ዴይ» ላይ የሳቪኒ ረዳት ነበር፤ ጆንሰን የተባለውን ወታደርም ተጫውቷል፣ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የምትገኘው የተቆረጠች ራስም የእሱ ናት። በ1988 ከሮበርት ከርትስማንና ከሃዋርድ በርገር ጋር ኬኤንቢ የተባለውን የሜካፕ ወርክሾፕ አቋቋመ፤ በ2010 የጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ የ«ዘ ዎኪንግ ዴድ» ሙታን ከዚያ ወርክሾፕ ወጡ። ተከታታዩን ያየና ሜካፑን ያደነቀ ሁሉ የዋምፐምን ዋሻ ሥራ ነው ያደነቀው።

ፊልሙን ለማየት የምታስቡ ካላችሁ፣ የመላጫውን ትዕይንት አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ የባብን ክንድ ከትከሻው እስከ ጣቱ ተከተሉት። ከዚያ በኋላ «ዶውን» ይበልጣል የምትሉኝ ከሆነ እንቀመጥና እንከራከር።