የመጀመሪያዋ ሰከንድ ጉልበት

አምራቾች የአንድን ሞተር የፈረስ ጉልበት የሚጽፉት በባሕር ጠረፍ አየር አስልተው ነው። በልደታ ማርያም ደጅ የሚነፍሰው አየር ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት የጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን የሚነድደው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 400 ፈረስ የተባለለት፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ ሲመጣ በእጁ ያለው 300 ገደማ ነው። በጣርማ በር ዳገት ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያዘግም የኖረው የፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪናም ችግሩ ይኸው ነበር፤ ፓምፑ የለመደውን ናፍጣ ይረጫል፣ አየሩ ግን ለዚያ ናፍጣ አይበቃም፣ በደንብ ያልነደደው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

በዚህ አገር ሆኖ ሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ያጣመረ፣ እና ቤንዚን ብቻ የሆነ የጭነት መኪና ማወዳደር ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ሲነሱ ይመስለኛል። ለማወዳደር የመረጥኩት ቶዮታ ተንድራን ነው። በከተማችን ሞልቶ የሚታይ ፒካፕ አይደለም፤ ነገር ግን ያንኑ አንድ ሞተር በቤንዚን ብቻና በሃይብሪድ አሰናድቶ ስለሚያቀርብ የኤሌክትሪኩን ድርሻ ነጥሎ ለማየት ያመቻል። ደግሞም ሥራው ያምራል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል።

ተንድራ ከ2022 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የቀድሞውን 5.7 ሊትር ቪኤይት ትቶ 3.4 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደርና ሁለት ተርቦ ያለው ሞተር ይዞ መጣ። ቪኤይቱ 381 ፈረስ ነበረው። አዲሱ በቤንዚን ብቻ 389፣ በሃይብሪድ 437 ነው። ወረቀት ላይ የድሮውና የአዲሱ ቤንዚን ልዩነት 8 ፈረስ ብቻ ነው፤ ለዚህ ሲባል ማንም መኪና አይለውጥም። አዲስ አበባ ላይ ግን ቪኤይቱ ወደ 290 አካባቢ ሲወርድ፣ ተርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ አዲሱ አብዛኛውን ጉልበቱን እንደያዘ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ሞተሮች ደጋ ላይ በሰፊው ይራራቃሉ።

አሁን ወደ ሃይብሪዱ። በቤንዚኑ ሞተርና በባለ አሥር ማርሹ ካምቢዮ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ መሐንዲሶቹ ክብ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገብተዋል። በቤንዚኑና በእሱ መካከል ፍሪሲዮን አለ፤ ሲይዝ የሁለቱ ጉልበት ይደመራል፣ ሲለቅ ቤንዚኑ ጠፍቶ መኪናው በዝግታ በኤሌክትሪክ ብቻ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ አቅም 36 ኪሎዋት፣ ማለትም 48 ፈረስ ነው። ከ437 ላይ 389 ሲቀነስ 48 ይቀራል። አንድም አልተጨመረበትም፣ አንድም አልጠፋም። ፎርድ በኤፍ 150 ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል፤ እዚያ ግን ኤሌክትሪኩ 47 ፈረስ ሆኖ ጠቅላላው ከ400 ወደ 430 ብቻ ነው የሚያድገው። ሁለቱም የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ድምሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን በቶዮታው ነው።

ይበልጥ የወደድኩት የቶርኩን፣ ጎማ የሚያዞረውን ጉልበት፣ ስሌት ነው። ኤሌክትሪኩ ብቻውን 250 ኒውተን ሜትር አለው። ቤንዚኑ በደቂቃ 2,400 ዙር ላይ 649፣ ሃይብሪዱ በዚያው ዙር 790 ይሰጣል። ልዩነቱ 141 ነው። ታዲያ 250ው የት ሄደ? 36 ኪሎዋት ያለው ሞተር 250 ኒውተን ሜትሩን መያዝ የሚችለው በደቂቃ እስከ 1,400 ዙር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ቶርኩ ይቀንሳል፤ ኪሎዋቱን ለ2,400 ዙር ብታካፍሉት 143 ይመጣል። ከታተመው ልዩነት ጋር የሚለያየው በ2 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ይህ ስሌት የኤሌክትሪኩን እውነተኛ ቦታ ያሳያል፤ ሙሉ ጉልበቱ ያለው ከታች፣ ዙሩ ገና ባልነሳበት ነው።

እዚያ ደግሞ ነው ተርቦ የሚደክመው። ተርቦ የሚሽከረከረው በጭስ ግፊት ነው። ዘንጉ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚዞር፣ እጅግ በጥንቃቄ ሚዛኑ የተጠበቀ ሥራ ነው፤ ግን ለመነሳት ጭስ ይፈልጋል፣ ጭስ እንዲኖር መጀመሪያ አየር መግባት አለበት። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ፣ ተርቦው እስኪነሳ ድረስ፣ 3.4 ሊትሩ ሞተር በአዲስ አበባ የሚያገኘው አየር ጠረፍ ላይ 2.5 ሊትር ሞተር የሚያገኘውን ያህል ነው። ስለዚህ መዘግየቱ እዚህ ከጠረፉ ይረዝማል። በዚያች ክፍተት ነው ኤሌክትሪኩ 250ውን የሚያቀብለው። በእኔ ግምት በእኛ ከተማ ሃይብሪድ የሚሸጠው 48 ፈረስ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ናት። ሦስት ቶን የሚመዝን ፒካፕ 8 በመቶ ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ለመውጣት 65 ፈረስ ገደማ ይበቃዋል። 437ቱን ፈረስ ሙሉ በሙሉ የሚጠራ ሹፌር ጥቂት ነው፤ ከቆመበት መነሳት ግን የሁሉም የየቀኑ ሥራ ነው።

ኤሌክትሪክ ለከፍታ ግድ እንደሌለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በሚለያዩበት የልደታ ጣቢያ መቆም ይበቃል። ከላይ ከተዘረጋው 750 ቮልት ሽቦ ኃይሉን የሚስበው ባቡር፣ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶበት፣ ያለ ትግል ይነሳል። አየር አይተነፍስምና የአየሩ መሳሳት አይነካውም።

የቤንዚኑንም ወገን ሥራ ላለመካድ እዚያው ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ካርቡራተር ያለው አንድ አሮጌ ፒካፕ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ለጠረፍ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንተባተባል። መካኒኩ የቤንዚኗን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ሲያጠብቅ ልጁ አጠገቡ ነበር።

«ጋሼ፣ በቃው?»

«እስቲ ስማው።»

ልጁ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ሞተሩ እየተስተካከለ ሄዶ በአንድ ድምፅ ጸና፤ ያኔ ብሎኑ ቆመ። አዲሶቹ መኪኖች በሴንሰርና በኮምፒዩተር የሚያደርጉትን ማስተካከያ እሱ በጆሮው አደረገው። እንዲህ ያለ ጆሮ የሚገኘው በብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ስናየው ልናከብረው ይገባል።

ሃይብሪዱ ግን የሚያልቅ ነገር አለው። የተንድራ ባትሪ 1.87 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 36 ኪሎዋት ሲሳብበት ሦስት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው፤ ኮምፒዩተሩ እስከ መጨረሻው ስለማያሟጥጠው በተግባር ያንሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ውረዱ፤ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሦስት ቶን መኪና 230 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ብቻ ያን ባትሪ ይሞላል፤ የሚባክነው ታስቦ እንኳ ከመንገዱ ግማሽ በፊት ይጠግባል። ከዚያ በኋላ ሥራው የማርሽና የፍሬን ነው። ህዳሴ ድልድይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ የተሞላው ባትሪ የመጀመሪያዎቹን ጥምዝምዞች ያግዛል፣ የቀረውን ዳገት የሚወጣው ተርቦው ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ እዚያ ታች፣ አየሩ ወፈር ባለበት፣ ደህና ይጎትትና እየወጣ በሄደ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረዋል። ጭነት ይዞ ጎጃም ለሚመላለስ ሰው ቤንዚን ብቻ የሆነው ተንድራ ከወንድሙ ብዙ አያንስም፤ እንዲያውም የባትሪውና የሞተሩ ክብደት ስለሌለበት ከፍተኛ የመሳብ አቅሙ ይበልጣል። ከልደታ መርካቶ፣ ከመርካቶ አብነት እየቆመና እየተነሳ ለሚውል ግን ሃይብሪዱን ነው የምመርጥለት።

ስለ ጥሩ ሥራ ሲወራ ጉድለቱም አብሮ መነሳት አለበት። ቶዮታ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ የ2022 እና የ2023 ሞዴል ተንድራና ሌክሰስ መኪኖችን መልሶ ጠርቷል። ሞተሩ ሲመረት ከብረት መቁረጫው የቀረ ብናኝ ውስጡ ሳይጸዳ ቀርቶ የኮሎውን ብሮንዚና ሊበላው ይችል ነበር። ሃይብሪዶቹ በዚያ ጥሪ አልተካተቱም፤ የቤንዚኑ ሞተር ቢቆም ኤሌክትሪኩ መኪናውን ጥቂት ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል ነው። የስሌቱ ጥራት የእጥበቱን ጉድለት አላዳነውም። ሁለቱንም ያየ ሰው ሁለቱንም ይናገር።

ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ የሃይብሪድ ነገር ያለፈበት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ አይመስለኝም። አገር ውስጥ ያሉት ሃይብሪዶች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ የሚጠግናቸውም ሰው ሥራቸውን ማወቅ አለበት። ለምሳሌ የተንድራው ባትሪ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ያለውም ከኋላ ወንበር ሥር ነው። በእኛ አቧራ የአየር መግቢያው ማጣሪያ ሲደፈን ባትሪው ይሞቃል፣ ኮምፒዩተሩም ባትሪውን ለመጠበቅ የኤሌክትሪኩን እገዛ ይቀንሳል። ሹፌሩ መኪናው ለምን እንደቀድሞው ቶሎ እንደማይነሳ ግራ ይገባዋል፤ ተርቦውን ያስፈትሻል፣ ካንዴላ ያስቀይራል። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ግን መጀመሪያ መነሳት ያለበት የኋላ ወንበሩ ነው።