የሰርቪስ ቤት ግድግዳ ምን ይልበስ?

ዋናው ቤት ሲያልቅ ገንዘቡም አብሮ ያልቃል። ጓሮ ያለው ማድቤትና የእህል ማስቀመጫ ስለዚህ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ ጭቃ ይመረግበታል። ውስጡን ምን እናልብሰው ሲባል አብዛኛው አሠሪ መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀኝ፤ ሲሚንቶ ይላል።

ሲሚንቶ ለብሎኬትና ለድንጋይ ጥሩ ነው። የጭቃ ግድግዳ ግን እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ በመጠኑ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ባሕር ዛፉም ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ስለሚመጣ ለወራት እየደረቀ ይቀጥናል፣ ይጣመማል። የደረቀ ሲሚንቶ ይህን ሁሉ መከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ወይም ከጭቃው ይላቀቅና ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የዶሮ ሽቦ ወጥሮ በሚስማር መምታት እንዳይረግፍ ይይዘዋል እንጂ ከጭቃው ጋር አያስማማውም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከኋላው የሚሆነው ነው። ከተበሳ ቆርቆሮ ወይም ከመሬት የገባ ውሃ መውጫ ሲያጣ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ሳይታይ ይበላዋል። ቀለሙ ገና አዲስ ሆኖ ቋሚዎቹ ያለቁለት ግድግዳ አፍርሻለሁ። ልስን ከሚያርፍበት ግድግዳ መጠንከር የለበትም፤ የምሠራው በዚህ ነው።

የመጀመሪያ ምርጫዬም ጭቃው ራሱ ነው። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ በመሆኑ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይከፈት አጥብቆ ይይዘዋል። አፈሩና ጭዱ አብረው ተረግጠው ቢያንስ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለትና ሦስት ሳምንት ውሃ እየተጨመረና እየተገላበጠ መብላላት አለባቸው። የበሰለ ጭቃ ይሸታል፣ እጅ ላይ ይለጠፋል። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ይድረቅ፤ ይሰንጠቅም፤ ሁለተኛው የሚሞላው ያንን ስንጥቅ ነውና። ለማጠናቀቂያ በወንፊት የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ አሸዋና ትኩስ እበት ተለውሶ በስሱ ይለቀለቃል። እበት ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ አሉ። ከደረቀ በኋላ ግን አይሸትም፣ ግድግዳውም አቧራ መስጠት ያቆማል።

ነጭ ለሚፈልግ ኖራ አለ። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል፤ በውሃ በርዶ ግድግዳ ላይ ሲውል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ጭቃውን ቧጥጬና አርሼ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ በስሱ እለስናለሁ፣ ለተወሰኑ ቀናትም ውሃ እረጭበታለሁ። ቸኩሎ የደረቀ ኖራ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ያለ ጓንት አይነካም።

ለማድቤት የኖራ ቅብ የሚተካከለው አላገኘሁም። አንዲት እናት "ልጄ፣ ጀሶ አልብስልኝ፣ ልስልስ ይበልልኝ" አሉኝ። "እማማ፣ የምጣዱ እንፋሎት አያኖረውም፤ ኖራ ልቀባልዎት" አልኳቸው። ጀሶ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ ቦታው ደረቅ ሳሎን ነው። የዘይት ቀለምም የግድግዳውን ትንፋሽ ይዘጋል። የኖራ ቅብ ሻጋታን ይከላከላል፤ ጥላሸት ሲይዘውም በብሩሽ ተፍቆ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ በጥቂት ወጪ ይታደሳል።

የእህል ቤት ሌላ ነው። ነቀዝ በስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፤ አይጥ ደግሞ ከኋላው ክፍተት ባለው ነገር ሁሉ ትራባለች። ስለዚህ ቺፑድም ሆነ የተወጠረ ማዳበሪያ በእህል ቤት ግድግዳ ላይ አልመታም፤ በማድቤት ደግሞ እሳት ይጠራሉ። የእህል ቤቱን ስንጥቅ ሳላስቀር እለስናለሁ፣ ማዕዘኖቹን አጎብጣለሁ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለው ድንጋይ ከሆነ ሲሚንቶውን እዚያ ላይ በደስታ እጠቀማለሁ። ጆንያዎቹም ከግድግዳው ርቀው በርብራብ ላይ ይቀመጡ።

ሥራውን ሳስረክብ ከዚያው አፈር የተነፋ አንድ ጆንያ ለአሠሪው እተዋለሁ። ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር በሌላ መጠን ስለሚኮማተር ጥገናው ዙሪያውን ይለቃል። የራሱ አፈር ግን ስንጥቁ ረጥቦ ሲሞላበት ከአሮጌው ጋር ይያያዛል።