ስለ ቴአትር ቃላት አስተማማር

ሙያ ሁሉ የራሱ ቋንቋ አለው። ሸማኔው ድር፥ ማግ፥ መወርወሪያ ሲል፥ አራሹም ሞፈር፥ ቀንበር፥ ድግር ሲል ቃሉን የሚያውቀው በእጁ ከያዘው ዕቃ ጋራ ነው። የቴአትርም ሙያ እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ተውኔት ሲነገር፥ ብዙ ጊዜ ቃሉ ከሥራው ተለይቶ ብቻውን በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪውም ከነትርጓሜው በደብተሩ ገልብጦ ለፈተና ያጠናዋል። ገቢርን ከትዕይንት፥ መነባንብን ከቃለ ተውኔት ለይቶ የጻፈ ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ነገር ግን ከመድረክ ላይ ቢያቆሙት ወዴት ዞሮ እንደሚናገር አያውቅም። ይህ የአስተማማር ጉድለት ሊተች የሚገባው ነው።

ቃላቱ ራሳቸው ግን በደል የለባቸውም። ብዙዎቹ ከግእዝ የተገኙ ስለ ሆኑ ፍቻቸውን በውስጣቸው ይዘዋል። «ተውኔት» ጨዋታ ማለት ነው፤ «ተዋናይ»ም ከዚያው ግስ የወጣ ነው። «ገቢር» ገብረ፥ ማለት ሠራ፥ ከሚለው ግስ ስለ ተወለደ፥ ሥራ በሌለበት ገቢር የለም። «ገጸ ባሕርይ» ፊትንና ጠባይን ያጣመረ ቃል ነውና፥ የውስጡ ጠባይ በውጭ ካልታየ ስሙ አልተፈጸመም። «መድረክ»ም በግእዝ የቤት ደፍ ነው፤ መምህሩ ይህን ጠቅሶ፥ መድረክ ተመልካቹ ካለበት ዓለም ወደ ተውኔቱ ዓለም መሻገሪያ ነው ብሎ ቢያስረዳ፥ ልጁ እግሩን ሲያነሣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ከባዕድ ቋንቋ የሚመለሱት የአቅጣጫ ቃላት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። በእንግሊዝኛ የመድረኩ ኋላ «ላይ»፥ ፊቱ «ታች» ይባላል፤ ይኸውም በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ ብዙ መድረኮች ከኋላ ከፍ፥ ወደ ተመልካቹ ዝቅ ብለው በተዳፋት ይሠሩ ስለ ነበር ነው። ምክንያቱን ትቶ «ላይኛው መድረክ፥ ታችኛው መድረክ» ማለት፥ ወለሉ ደልዳላ በሆነ ክፍል ለሚማር ልጅ እንቆቅልሽ መስጠት ነው፤ «ወደ ኋላ»ና «ወደ ፊት» ቢባል ይበቃል። የመድረክ ቀኝና ግራም የሚቈጠሩት ፊቱን ወደ ተመልካች ባዞረው ተዋናይ እንጂ በተመልካቹ አይደለም። ይህን አሥር ጊዜ ከመጻፍ አንድ ጊዜ ቆሞ መዞር ይበልጣል።

የአገራችን የቴአትር ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ፥ ለድርሰታቸው ስም ከባዕድ ቋንቋ ተውሰዋል። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና አቶ መላኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ፤ ተውኔቶቻቸውንም ተማሪዎች ተጫውተዋል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሥራው ቀደመ፥ ቃሉ ተከተለ፤ ከቀደሙትም ሠሪዎች መካከል የትምህርት ቤት ልጆች ይገኙባቸዋል።

«አዳራሽና መጋረጃ ሳይኖረን፥ የተማሪውም ቍጥር በዝቶ ሳለ ምን እናድርግ?» የሚል መምህር ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ትምህርት ወንበሮቹን ጥቂት ገፍቶ በወለሉ ላይ አንድ መሥመር ማስመር ይበቃል። ለምሳሌ የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» እናንሣ። በወገን ስለማይተካከሉ ሰዎች ጋብቻ የሚነሣው ክርክር ልጆች ከየቤታቸው የሚያውቁት ነገር ነው። መምህሩ አንድ ገጽ መርጦ፥ ጋብቻውን የሚነቅፈውን ወገን ከፊት፥ ሙሽራይቱን ከኋላ ያቁም፤ ቀጥሎም ቦታቸውን ያለዋውጥ። ንግግሩ ሳይለወጥ የነገሩ ኀይል እንደሚለወጥ ክፍሉ ሁሉ ያያል። «የቦታ አያያዝ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ቢነገር አይረሳም።

ከተማሪዎቹ ተዋናይ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው፤ ተመልካች የሚሆኑት ግን ብዙዎች ናቸው። ተመልካቹ የተዋናዩን ድካምና የደራሲውን ሐሳብ ለይቶ ካላወቀ፥ ለጥሩውም ለመጥፎውም እኩል ያጨበጭባል፤ እኩል በሚጨበጨብበት አገር ደግሞ ቴአትር አያድግም። ስለዚህ የአማርኛ መምህራን ጠመኔያቸውን ከሰሌዳው በፊት ለወለሉ ያውሉት ዘንድ እናሳስባለን።