የሰንበቶቹ ስም

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እኔ ግን የምቆጥረው በሰንበቶቹ ነው፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። የየሳምንቱ ምስባክ፣ ወንጌልና የጾመ ድጓው ዜማ ሁሉ በዚያ ስም ዙሪያ ይዞራል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ወንጌሉን በቅደም ተከተል የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ አላየሁም።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው አራተኛውን ነው። መጻጉዕ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ታሞ ተኝቷል። ጌታ መዳን ይወድ እንደሆነ ሲጠይቀው «አዎን» አላለም። ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ሕመሙን ሳይሆን ብቸኝነቱን አስቀደመ። ይህ በተነበበ ሳምንት፣ አልጋ ላይ የዋለ ጎረቤት ካለ፣ «ነገ እጠይቀዋለሁ» ማለት ያሳፍራል። ብዙዎች ከቅዳሴ መልስ ብርቱካን ገዝተው በዚያው ወደ ታማሚው ቤት ጎራ ይላሉ።

ገብር ኄር ሲደርስ ስብከቱ አብዛኛውን ጊዜ በመክሊቱ ምሳሌ ውስጥ ስላሉት ታማኝ አገልጋዮች ነው፤ የሚገባም ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን መክሊቱን የቀበረው ሦስተኛው ነው። አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ ፈራ እንጂ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ፣ እሳሳታለሁ ብዬ ሳልነካው ያከረምኩት ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኛል፤ በዚያ ሳምንት ግን እንደ ሌላው ጊዜ ገፋ አድርጌው ማለፍ አልችልም።