ስልኩን ማን አስጮኸው?

«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ስለተባለው ፊልም የቀረበ ሂስ

የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች ነን። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ሂሳችን ከጥላቻ የመነጨ እንዳይመስል ነው። «ኩዊን» የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ እንወዳለን፤ የፍሬዲ ሜርኩሪ ድምፅ ሲነሣ ንባብ የሚቀጥል ሰው በዶርማችን የለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ደጋግመን ማየታችን አያስገርምም። ፊልሙ አራት ኦስካር ወስዷል። አንዱ ፍሬዲን ሆኖ ለተጫወተው ለራሚ ማሌክ፣ ሁለቱ ለድምፅ ሥራው፣ አራተኛው ለኤዲቲንግ፣ ማለትም ለምስል ቅንብሩ ነው። የኛ ጠብ ከዚህ ከአራተኛው ጋር ነው።

ፊልሙ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በአንድ መድረክ ነው። ቦታው የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም፣ ቀኑ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985)፣ ዝግጅቱም ላይቭ ኤይድ ነው። 72 ሺህ ያህል ሕዝብ ተሰብስቧል፤ በአሜሪካም በፊላደልፊያ ሌላ ኮንሰርት አለ፤ ሁለቱም በሳተላይት ለዓለም ይተላለፋሉ። ለምን? እኛ አገር ለደረሰው ረሃብ። ወላጆቻችንና አያቶቻችን «የሰባ ሰባቱ» እያሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሚያነሡት ረሃብ።

የፊልሙን የመጨረሻ ክፍል እናመስግን፤ ይገባዋል። ማሌክ የፍሬዲን አረማመድ፣ የአንገቱን አነቃነቅ፣ ማይክራፎኑን እንደ ዘንግ የሚይዝበትን ሁኔታ ሳይቀር ቀድቶታል። ፒያኖው ላይ የተደረደሩት የፔፕሲ ኩባያዎች እንኳ በዕለቱ እንደነበሩት ናቸው። ካሜራው ከሕዝቡ በላይ በሮ ወደ መድረኩ ሲወርድ ከመቀመጫ ያስነሣል፤ አስነሥቶናልም።

ታሪኩን ማጠፉንም ቢሆን ብዙውን ይቅር እንላለን። በፊልሙ ባንዱ ተበትኖ ለላይቭ ኤይድ ሲል ይታረቃል። በእውነቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 አልበም አውጥቶ፣ እስከ 1985 ግንቦት ድረስ አገር ላገር እየዞረ ሲጫወት ነበር። በፊልሙ ፍሬዲ ኤድስ እንደያዘው ለጓደኞቹ የሚነግራቸው ከኮንሰርቱ በፊት ነው፤ የሕይወት ጓደኛው እንደጻፈው ግን ምርመራው የተነገረው በ1987 ነው። ይሁን፤ ፊልም የታሪክ መጽሐፍ አይደለም።

ይቅር የማንለው ስልኩን ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። በፊልሙ ውስጥ ኩዊን መድረክ ከመውጣቱ በፊት የእርዳታው ስልኮች ዝም ብለው ተደርድረዋል፤ ገንዘቡ አልመጣም። ፍሬዲ ፒያኖውን ነካ፣ ዘፈነ፤ ስልኮቹ መጮኽ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ሚሊዮን ሞላ ይባላል። ተመልካቹ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ ረሃብተኛውን ያዳነው ዘፋኙ ነው።

በዕለቱስ ምን ሆነ? ከኩዊን ቀጥሎ ዴቪድ ቦዊ ወጣ። ቦዊ ከሚዘፍናቸው አንዱን ትቶ፣ ጊዜው ለአንድ አጭር ፊልም እንዲውል አደረገ። ፊልሙ የካናዳ ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ ያነሣቸው የረሃብ ምስሎች ነበሩ፤ «ዘ ካርስ» የተባለው ባንድ ያወጣው ዘፈን ከሥር ይሰማል። ከሕፃናቱ መካከል በሞት አፋፍ ላይ የነበረች የትግራይ ልጅ፣ ብርሃን ወልዱ ትታያለች። ስለዚያ ቀን በተደጋጋሚ የተጻፈው እንደሚለው ስልኩ መተንፈሻ ያጣው ይህ ከታየ በኋላ ነው። እንግዲህ ስልኩን ያስጮኸችው እሷ ናት። ፊልሙ ግን የሷን ሥራ ወስዶ ለፍሬዲ ሰጠ። ለፔፕሲ ኩባያ የተጠነቀቀ እጅ ለዚህ አልተጠነቀቀም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፊልሙ የፍሬዲ ሕይወት ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ እንዲያወራ ለምን ትጠይቃላችሁ?» ይሉናል። አልጠየቅንም። ፊልሙ ስልኮቹን ጨርሶ ባያሳይ ኖሮ ቃል አይወጣንም ነበር። እሱ ግን ስልኮቹን ፈለጋቸው። ረሃባችንን የዘፋኙን ድል መቁጠሪያ አደረገው። ቆጣሪው ይታያል፤ የሚቆጠርለት ሰው አይታይም።

መቀስ ምን እንደሚሠራ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች አይነገረውም። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንኑ ምስል ከንጉሠ ነገሥቱ ድግስ ጋር አቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ በማግስቱ ዙፋኑ ወረደ። አሥር ዓመት አለፈ። ያው ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድምቀት ባከበረ በወሩ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የማይክል በርክ ዘገባና የሞሐመድ አሚን ካሜራ ኮረምን በቢቢሲ አሳዩ። የላይቭ ኤይድ መነሻ ይህ ነው። ምስሉ የተራበ ሰው ምስል ነው፤ ትርጉሙ ግን መቀሱን በያዘው እጅ ሲለዋወጥ ኖሯል።

ታዲያ የምንለው «የራበው ፊት ይጨመርልን» ነው? በፍጹም! እሱማ በዝቶብናል። ዌምብሌይ ላይ የታየችው ልጅም ስም አልነበራትም፤ አልተናገረችም። ገንዘብ ለማሰባሰብ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ የወጣው ዘፈንም ቢሆን ርእሱ፣ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። እንዴ! ላሊበላ ታኅሣሥ 29 ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው ምን ሊጠብቅ ነው? ለጋስነቱን አንክድም፤ የመጣው እህል ሰው አትርፏል። ግን ሰውን ሳይጠይቁ ስለ ሰው መዝፈን አንድ ጉድለት ነው፤ ሰውየውን ከገዛ ታሪኩ ቆርጦ ማውጣት ደግሞ ሌላ፣ የባሰ ጉድለት።

ብርሃን ወልዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ በእግሯ ቆማ ታየች። የግብርና ተማሪ ሆና ነበር። ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። ፊልም የሚሠራ ሰው ቢጠይቀን ያንን ትዕይንት ከሷ ዐይን እንዲያነሣው እንመክረው ነበር፦ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ፣ የማታውቀው ሙዚቃ፣ እጇን የያዘች እንግዳ ሴት። ያ ፊልም እስካሁን አልተሠራም።

ለማንኛውም «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን አትዩ አንልም። እዩት፤ ዘፈኑንም አብራችሁ ዝፈኑ፤ እኛም ዛሬም እንዘፍናለን። ስልኮቹ መጮኽ ሲጀምሩ ግን አንድ አፍታ ዝም በሉና ካሜራው ያላሳየውን ፈልጉ። ከኛ ጋር ያየው አንድ የወሎ ልጅ ያን ጊዜ ላይ «ለማን ነው የሚደወለው?» ብሎ ጠየቀን። ከፊልሙ መልስ አላገኘንም። የምትቃወሙን ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን፤ እናወጣዋለን።