የሾፌሩ ቃል ሲነሳ መዝገቡ ውስጥ ምን ይቀራል?

በህንድ የአደንዛዥ ዕፅ ክሶች ለጠበቃ የሚከብደው ዕፅ ይዞ የተገኘው ሳይሆን ምንም ሳይያዝበት ስሙ የተጠራው ተከሳሽ ነው። ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ጋንጃ የጫነ መኪና ይያዛል፤ ሾፌሩ በምርመራ ላይ «ያዘዘኝ እገሌ ነው» ይላል፤ እገሌም ከቤቱ ተወስዶ በማሴር ይከሰሳል። መጠኑ ለንግድ ከሚባለው እርከን ስለገባ የ1985ቱ የአደንዛዥ ዕፅ አዋጅ አንቀጽ 37 በእሱም ላይ ይጸናል። ዐቃቤ ሕግ ከተቃወመ፣ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካላገኘና በዋስ ቢወጣ ወንጀል እንደማይፈጽም ካላመነ አይለቀውም። ምስክር ሳይሰማ ንጽሕናን እንደማስረዳት ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ከሰውየው ጠባይና ከቤተሰቡ ችግር መነሳት የለበትም። የሾፌሩን ቃል ከመዝገቡ አውጥቶ የቀረውን ማሳየት ይቀድማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 በቶፋን ሲንግ ጉዳይ፣ በሁለት ለአንድ ድምፅ፣ መርማሪዎቹ እንደ ፖሊስ ስለሚቆጠሩ በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 67 የተቀበሉት የእምነት ቃል ለጥፋተኝነት ማስረጃ እንደማይሆን ወስኗል። ቀደም ሲል በ1952 በካሽሚራ ሲንግ ጉዳይም የአንዱ ተከሳሽ እምነት በሌላው ላይ የሚያገለግለው ሌላ ማስረጃን ለማጠናከር ብቻ እንደሆነ ተብራርቷል። ቃሉ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የስልክ ጥሪ ዝርዝር ነው፤ እሱንም መስመር በመስመር ማንበብ ይገባል። ሲም ካርዱ በማን ስም ወጣ? ጥሪው መኪናው ከመያዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዝርዝሩ ሁለት ቁጥሮች መገናኘታቸውን እንጂ የተባባሉትን አይናገርም።

«ዋናዎቹ ነጋዴዎች ዕፁን በእጃቸው አይነኩም፤ በዚህ መለኪያ ሁሌም ያመልጣሉ» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። አቅልዬ የማየው ሙግት አይደለም። ነገር ግን ንግዱን ከሩቅ የሚመራ ሰው ገንዘብ ያስተላልፋል፣ መልእክት ይጽፋል፣ መኪና ይከራያል። የሾፌሩ ቃል መርማሪውን ወደዚህ ሊመራው ይችላል፤ መርማሪው ከዚያ ወዲያ ምንም ካላገኘ ግን ባዶነቱን ተከሳሹ በእስር ሊከፍልለት አይገባም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በ2022 በሳማርት ኩማር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከመያዝ በፊት በሚጠየቅ ዋስትና ላይ በቶፋን ሲንግ ውሳኔ መደገፍን አልተቀበለም፤ ጥያቄውን ለመደበኛው ዋስትና ወይም ለመጨረሻው ክርክር ተወው። ስለዚህ ጠንካራው አቤቱታ ክሱ ከነማስረጃ ዝርዝሩ ከቀረበ በኋላ የሚገባው ነው፤ ያኔ ዐቃቤ ሕግ «ምርመራው አላለቀም» ብሎ ባዶውን ቦታ ሊሸፍን አይችልም።